ገበና አዋቂዋ፦ ጮሌዋ ገረድ በአውሮፓ ተውኔትና ኦፔራ

ኦርጎን የሚባል የፓሪስ ባለጸጋ ሁለት ቀን ገጠር ሰንብቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቤተሰቡ እንዴት እንደ ሰነበተ ሲጠይቅ፣ ዶሪን የምትባለው ገረድ ባለቤቱ በትኩሳትና በራስ ምታት ስትሠቃይ እንደ ነበረ ትነግረዋለች። እሱ ግን «ታርቱፍስ?» ይላል፤ ታርቱፍ ጸሎተኛ መስሎ በቤቱ የተጠጋ አታላይ ነው። ዶሪን ሰውየው ወፍሮ፣ ፊቱ ወዝቶ እንደሚገኝ ታስረዳለች። «አይ ምስኪን!» ይላል ኦርጎን። እመቤቲቱ እራት ሳትቀምስ አደረች፤ ታርቱፍስ? ሁለት ቆቅና የበግ ታፋ እኩሌታ በላ፤ አይ ምስኪን! እመቤቲቱ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ፤ ታርቱፍስ? ለጥ ብሎ ተኝቶ አደረ፤ አይ ምስኪን! እመቤቲቱ በዘመኑ ሕክምና ደም እንዲወጣላት ተደረገ፤ ታርቱፍስ? እሷ ያጣችውን ደም ለመተካት ቁርሱ ላይ አራት ትልልቅ ብርጭቆ ወይን ጠጣ፤ አይ ምስኪን! በመጨረሻም ዶሪን ጌታዋ ለባለቤቱ ሕመም ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ሄዳ እንደምትነግራት አስታውቃ ትወጣለች።

ይህ ትዕይንት የሚገኘው ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ሞልየር በ1664 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አሳይቶት በታገደውና በ1669 በተፈቀደው «ታርቱፍ» በተሰኘው ተውኔት ውስጥ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለ መለሰው ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ ሥራ አይደለም። ዶሪን በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ጌታዋን አንድም ጊዜ አልሰደበችውም፤ የተጠየቀችውን መለሰች እንጂ። የሁለቱን ሰዎች ሁኔታ ጎን ለጎን አስቀምጣ በመናገሯ ብቻ ግን ጌትዬው ሞኝነቱን በገዛ አፉ አራት ጊዜ መሰከረ።

እንዲህ ያለችው ሴት በአውሮፓ የመድረክ ታሪክ ውስጥ የራሷ ስም ያላት ቋሚ ሚና ናት፤ ፈረንሳዮች «ሱብሬት» ይሏታል። ቃሉ ከደቡብ ፈረንሳይ የፕሮቫንስ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ሥሩ መግደርደርንና መቀናጣትን ያመለክታል። በአማርኛ «ገረድ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ድሮ በእኛ ትልልቅ ቤቶች ገረድና ደንገጡር አንድ አልነበሩም። ገረድ ስትፈጭና ውኃ ስትቀዳ፣ ደንገጡር ከእመቤቲቱ እልፍኝ ሳትርቅ ታለብሳታለች፣ ታጥባታለች፣ ምስጢሯንም ትጠብቅላታለች። ሱብሬት በአብዛኛው ለደንገጡር የቀረበች ናት፤ ሠራተኛ በማይበዛበት ቤት ግን አንዲቱ ሴት ሁለቱንም ትሆናለች።

ብዙ ሰው ይህችን ሚና «ምላሷ የሰላ ቆንጆ ልጅ» ብሎ ያልፋታል። እኔ እንደሚመስለኝ ምላሷ የሚመጣው ከሥራዋ ነው። አልጋ የምታነጥፍ ሴት ማን የት እንዳደረ ታውቃለች፤ ደብዳቤ የምታደርስ ሴት ማን ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ ታውቃለች፤ መድኃኒት የምታቀርብ ሴት ጌታዋ በእርግጥ መታመም አለመታመሙን ከሐኪሙ ይልቅ ታውቃለች። የቤቱ ገበና በእጇ ነው። ለተውኔት ጸሐፊም ከዚህ የበለጠ የምትመች የለችም፤ በየትኛውም በር ያለ ፈቃድ ገብታ መውጣት የምትችለው እሷ ብቻ በመሆኗ፣ ተመልካቹ ማወቅ ያለበትን ሁሉ አድማጭ ሳያሰለች በእሷ አንደበት ማድረስ ይቻላል።

የዘር ሐረጓ ሲቆጠር በጥንታዊት ሮም ኮሜዲዎች ውስጥ ካሉት ብልጣብልጥ ባሪያዎች ይደርሳል፤ እዚያ ግን ተንኮሉን የሚሸርበው በአብዛኛው ወንዱ ነበር። መልኳ የተሟላው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን፣ ኮሜዲያ ዴላርቴ በተባለው የተጓዥ ተዋንያን ቲያትር ውስጥ ነው። እነዚህ ጓዶች ንግግሩ ቃል በቃል የተጻፈ ተውኔት አልነበራቸውም። የታሪኩን አጽም ብቻ ይዘው ቀሪውን እዚያው መድረክ ላይ ይፈጥሩታል፤ ተዋናዩም ብዙ ጊዜ አንዱን ሚና ይዞ ዘመኑን ሙሉ ይኖርበታል። ስስታሙ ሽማግሌ ፓንታሎኔና ሆዳሙ ሎሌ አርሌኪኖ ከታወቁት ሲሆኑ፣ ገረዲቱ ደግሞ «ሴርቬታ» ትባላለች። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ፍራንቼስኪና በሚል ስም ወንዶችም ጭምር ተጫውተዋታል፤ ኋላ የገነነው ኮሎምቢና፣ ማለትም ትንሿ ርግብ፣ የሚለው ስም ነው። ሽማግሌዎቹና ሎሌዎቹ ፊታቸውን በቆዳ ጭምብል ሲሸፍኑ እሷ ብዙውን ጊዜ ያለ ጭምብል ትወጣ ነበር፤ ስለዚህ ጥቅሻዋና ፈገግታዋ በቀጥታ ለተመልካቹ ይደርሳል። ጭምብል በለበሱ ሰዎች መካከል ፊቷ የሚታይ አንዲት ሴት ስትቆም ተመልካቹ ከማን ጋር እንደሚወግን መገመት አያዳግትም።

በፈረንሳይ ከእሷ በፊት መድረኩን ይዛ የነበረችው አሮጊት ሞግዚት ናት፤ እሷንም ጭምብል ያጠለቀ ወንድ ነበር የሚጫወታት። ፒየር ኮርኔይ በ1630ዎቹ መጀመሪያ በጻፈው አንድ ኮሜዲ ሞግዚቲቱን ወደ ወጣት ደንገጡር እንደ ለወጣት ራሱ ጽፎ አስቀምጧል። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ነገሩን ገልብጦታል። የአሮጊቲቱ ቀልድ በእርጅናዋና ወንድ ቀሚስ ለብሶ በመታየቱ ላይ የቆመ ነበር፤ የወጣቲቱ ግን በአእምሮዋ ላይ ነው።

ሥራዋ መሣሪያዋ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በሞልየር የመጨረሻ ተውኔት፣ በ1673 በቀረበው «በምናቡ የታመመው ሰው» ውስጥ ነው። ጌትዬው አርጋን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ራሱን በሽተኛ አድርጎ ያሰበ ሰው ነው፤ ልጁንም ዘወትር ሐኪም በደጁ እንዲኖርለት ብሎ ለሐኪም ሊድራት ይፈልጋል። ገረዲቱ ቱዋኔት ጌታ የሚያደርገውን በማያውቅበት ጊዜ ልባም ገረድ ልታቀናው መብት አላት ብላ ፊት ለፊት ትሟገተዋለች። ክርክሩ አልሆን ሲል የሐኪም ካባ ለብሳ፣ የዘጠና ዓመት አዛውንት ነኝ ብላ ትመጣለች፤ የሚነግራትን ሕመም ሁሉ «ሳንባ ነው» እያለች ትመረምረዋለች፤ በመጨረሻም አንዱ እጁ የሌላውን ምግብ ስለሚሻማ ይቆረጥ ብላ ታዝዛለች። ሕመምተኛ ስታስታምም የኖረች ሴት የሐኪሞቹን አነጋገር ሰምታ አጥንታዋለችና ካባውን ለመልበስ ሌላ ትምህርት አላስፈለጋትም። ቀጥሎም ጌታዋ የሞተ መስሎ እንዲተኛ ታደርግና ሁለተኛ ሚስቱ ሞቱን ስትሰማ በደስታ ስትፈነድቅ በገዛ ጆሮው ታሰማዋለች። አርጋንን የተጫወተው ሞልየር ራሱ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ትርዒት፣ የካቲት ወር ላይ፣ መድረክ ላይ ሳለ ሕመም ጠንቶበት በዚያው ሌሊት ሞተ።

ነጻነቷ ወሰን እንዳለው ግን መዘንጋት አይገባም። ዶሪን ጌታዋ በጥፊ ሊመታት እጁን የሚያነሣባት ሴት ናት። ተኳርፈው የተለያዩትን ወጣት ፍቅረኞች እየሮጠች እጅ ለእጅ አያይዛ የምታስታርቃቸው እሷ ብትሆንም፣ አታላዩን በመጨረሻ የሚያጋልጡት እመቤቲቱና የንጉሡ ሹም ናቸው። ማሪቮ በ1730 ባቀረበው «የፍቅርና የዕድል ጨዋታ» ውስጥ ደግሞ እመቤትና ገረድ ልብስ ይለዋወጣሉ፤ የታጨላት ወጣትም ከሎሌው ጋር እንዲሁ ተለዋውጦ ይመጣል። ተመልካቹ ደረጃው ሁሉ ተደበላለቀ ብሎ ሲጠብቅ ጌታ ከእመቤት፣ ሎሌም ከገረድ ጋር ተፋቅረው ይገኛሉ። ጨዋታው በጣም ያስቃል፤ ሆኖም ሁሉም ሰው ወደ የነበረበት ተመልሷል።

ወደ የነበረችበት ያልተመለሰችው ገረድ የተገኘችው በሙዚቃ ውስጥ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጣሊያን ኦፔራ ጸሐፊዎች ስለ ነገሥታትና ጀግኖች የሚተርከውን ከባድ ኦፔራ ለማጥራት ሲሉ ቀልደኞቹን ከዋናው ታሪክ አስወጧቸው። የተባረሩት ግን ከቲያትር ቤቱ አልወጡም፤ በገቢርና በገቢር መካከል ባለው ዕረፍት «ኢንተርሜዞ» የሚባል አጭር ጨዋታ ይዘው ተመለሱ። ጆቫኒ ባቲስታ ፐርጎሌሲ በ1733 በኔፕልስ ባቀረበው አንድ ከባድ ኦፔራ መካከል የገባው ኢንተርሜዞ «ላ ሴርቫ ፓድሮና» ይባላል፤ «እመቤት የሆነችው ገረድ» ማለት ነው። ዋናውን ኦፔራ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ሲሆን የዕረፍት ሰዓት መሙያው ግን እስከ ዛሬ ይዘፈናል።

ሥራው ሦስት ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ከነዚህም አንዱ፣ ሎሌው ቬስፖኔ፣ ቃል አይተነፍስም። ኡቤርቶ የተባለው ወንደላጤ ጌታ መድረኩን የሚከፍተው ሲጠብቁት የማይመጣ ሰውን፣ ተኝተው የማይመጣ እንቅልፍን፣ አገልግለው የማይገኝ ምስጋናን እያማረረ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ የጠበቀው ቸኮላታ አልቀረበለትም። ሴርፒና የቤቱን ቁልፍና ሰዓት ሁሉ በእጇ አድርጋለች፤ ስሟ ራሱ ከእባብ ጋር የተዛመደ ነው። ጌትዬው ከእሷ ለመገላገል ሌላ ሚስት ላግባ ሲል እሷ ራሷን ካላገባ እንደማይሆን ትወስናለች፤ ዝምተኛውን ሎሌ ቁጡ የጦር መኮንን አስመስላ አልብሳ፣ ይህ እጮኛዬ ነው፣ ለመቋቋሚያዬ አራት ሺህ ስኩዲ ካልሰጠኸው ራስህ ታገባኛለህ ብሏል ትለዋለች። ኡቤርቶ ገንዘቡን ከሚከፍል ማግባቱን ይመርጣል፤ ደግሞም ሳያውቀው ወድዷት ኖሯል።

የሙዚቃው አሠራር ለዚህ ሚና ወደፊት የሚሆነውን ወስኖለታል። በዚያን ዘመን ከባድ ኦፔራ ውስጥ አንድ ልዑል ሲያዝን አንዲቱን ቃል በብዙ ደርዘን ድምፅ እያንቆረቆረ ያስረዝማታል። ሴርፒና ግን በአጫጭር ሐረግ፣ አንድ ክፍለ ቃል በአንድ ድምፅ፣ እንደ ንግግር ፈጥና ትዘፍናለች፤ ጌታዋን ዝም በል ስትለው ሙዚቃውም አብሮ ጣቱን በአፉ ላይ ያደርጋል። ልትሰናበተው ስትመጣ የምትዘፍነው ዜማ ከከባዱ ኦፔራ የተዋሰችው የሚያሳዝን ዜማ ነው፤ በመካከሉ ግን ወደ ተመልካቹ ዞር ብላ ልቡ እየራራ መሆኑን በፈጣን ዜማ ትናገራለች። ተመልካቹ የሐዘንን ዜማና የተንኮልን ዜማ በአንዲት ሴት ጉሮሮ ተራ በተራ ይሰማል። ይህ ትንሽ ሥራ በ1752 በፓሪስ በጣሊያን ዘፋኞች ሲቀርብ ከተማው ለሁለት ተከፈለ፤ የፈረንሳይን ከባድ ኦፔራ የሚደግፉና ዣን ዣክ ሩሶን ጨምሮ የጣሊያኑን ቀላል ዜማ የሚደግፉ ጸሐፊዎች ሁለት ዓመት ያህል በትንንሽ መጻሕፍት ተሰዳደቡ። አንዲት ገረድ ቸኮላታ ባታቀርብ ይህን ያህል ቀለም ይፈስሳል ብሎ ማን ያስባል!

በቬኒስ ካርሎ ጎልዶኒ በ1753 መጀመሪያ ባቀረበው «የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት» የተሰኘ ኮሜዲ ዋናውን ሚና የሰጠው በጓዱ ውስጥ የሴርቬታነት ቦታ ለነበራት ለማዳሌና ማርሊያኒ ነው፤ በዚህም የዋና ተዋናይቱን ቅናት ቀስቅሷል። ነገሩን ለመረዳት የጊዜውን የሥራ ውል ማወቅ ያስፈልጋል። ተዋናይ ወደ አንድ ጓድ የሚቀጠረው ለተወሰነ የሚና ዓይነት ሲሆን፣ ያም ዓይነት እንደ ርስት ነበር፤ ደንበሩን መግፋት ጠብ ያመጣል። ሱብሬትነትም እንዲሁ ርስት ስለ ነበረ፣ ባለቤቲቱ ወጣትነቷ ካለፈ በኋላም ወጣቷን ገረድ ስትጫወት መታየቷ አያስደንቅም ነበር።

ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ የደረሰበት ከፍታ ሱዛና ናት። ቦማርሼ የጻፈውን «የፊጋሮ ጋብቻ» ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ለዓመታት ከልክሎት በ1784 በፓሪስ መድረክ ላይ ዋለ፤ በቪየናም ተውኔቱ እንዳይታይ ታግዶ ሳለ ሎሬንሶ ዳ ፖንቴ ፖለቲካውን አለዝቦ ግጥም አደረገው፤ ሞዛርት ሙዚቃውን ጽፎ ግንቦት 1 ቀን 1786 በቪየናው ቡርግቲያትር ቀረበ። መጋረጃው ሲገለጥ ሎሌው ፊጋሮ ለሙሽርነት አልጋቸው ወለሉን ይለካል። ሱዛና በእመቤቲቱና በጌታው እልፍኝ መካከል ያለው ይህ ክፍል ለምን እንደ ተሰጣቸው ትጠይቀዋለች፤ እሱ ለአገልግሎት ይመቻል ብሎ ደስ ብሎታል። እሷ ግን ደወል ተደውሎ ፊጋሮ ወደ ሩቅ በተላከ ጊዜ ጌታው በሩን ለማንኳኳት ጥቂት እርምጃ ብቻ እንደሚቀረው ታስረዳዋለች። ጌታው በግዛቱ ሙሽሮች ላይ የነበረውን የጌትነት መብት፣ ማለትም በሠርጋቸው ሌሊት ከሙሽራው ቀድሞ አብሯቸው የማደርን መብት፣ በአደባባይ ሽሮ አሁን ከእሷ በገንዘብ በስውር ሊገዛው ይፈልጋል። ብልጡ ፊጋሮ ይህን አላወቀም፤ ክፍሉን ስታሰናዳ የኖረችው አወቀች።

ከዚያ በኋላ ሱዛና ከመድረክ የምትጠፋበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። አንድ ወጣት በእመቤቲቱ እልፍኝ ተደብቆ ባል ሊደርስበት ሲል፣ ልጁን በመስኮት አስዘልላ በተደበቀበት ጓዳ እሷ ትገባለች፤ በሩ ሲከፈት እሷ ስትወጣ ባልም ሚስትም እኩል ይደነግጣሉ። በሦስተኛው ገቢር እመቤቲቱ ደብዳቤ ታጽፋታለች። ሱዛና የተነገራትን መጨረሻ ቃል እየደገመች ስትጽፍ የሁለቱ ድምፅ እየተጠላለፈ ሄዶ የትኛዋ እመቤት፣ የትኛዋ ገረድ እንደ ሆነች በጆሮ መለየት ያስቸግራል። ዳ ፖንቴ ከጽሑፉ ያወጣውን ፖለቲካ ሞዛርት በዚህች አጭር ዘፈን መልሶ ያስገባው ይመስለኛል። በመጨረሻው ገቢር በሌሊት በአትክልቱ ስፍራ ልብስ ይለዋወጣሉ፤ ጌታውም ሱዛና መስላው የገዛ ሚስቱን ያባብላል። ፊጋሮ ግን አይታለልም፤ የእመቤቲቱን ልብስ ለብሳ በጨለማ የቆመችውን ሙሽራውን በድምፅዋ ያውቃታል።

ከሱዛና በኋላ የመጡትን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1790 በቀረበው የሞዛርት «ኮሲ ፋን ቱቴ» ውስጥ ዴስፒና ለእመቤቶቿ ያፈላችውን ቸኮላታ ሰርቃ ስትቀምስ ትገባለች፤ እንደ ቱዋኔት ሐኪም፣ ቀጥሎም የውል ጸሐፊ ሆና ትመጣለች፤ ነገር ግን ዋናው ሴራ ከእሷም ተደብቆ በመጨረሻ ስትታለል እናያታለን። በ1874 በቪየና በቀረበው የዮሐን ሽትራውስ «ዲ ፍሌደርማውስ» አዴሌ አክስቴ ታማለች ብላ ፈቃድ ጠይቃ በእመቤቷ ቀሚስ ግብዣ ላይ ትገኛለች፤ ጌታዋ ሲያውቃት ይህን የመሰለ ቁመና ገረድ ሊኖረው ይችላልን ብላ በሳቅ ዘፈን ታሳፍረዋለች። ከዚያ ወዲህ ቀላል መዝናኛው ብልሃቷን ትቶ ጥቁር ቀሚሷንና ነጭ ሽርጧን ብቻ አስቀረ። በ1947 ዣን ዥኔ በፓሪስ ያሳየው «ገረዶቹ» ደግሞ የእመቤት ልብስ መልበስን ያንኑ የቆየ ጨዋታ ሳቁን አውጥቶ ወደ ጥላቻና ሞት ወሰደው።

በኦፔራ ቤቶች ግን ሱብሬት ዛሬ በአብዛኛው የድምፅ ዓይነት ስም ነው። በተለይ በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ዘፋኞች የሚቀጠሩት «ፋኽ» በሚባል የድምፅ ክፍፍል ሲሆን፣ ሱብሬት በዚህ ውስጥ ቀላልና ብሩህ ድምፅ ያላት ሶፕራኖ፣ ማለትም ቀጭን ከፍተኛ ድምፅ ያላት ዘፋኝ፣ ናት። እንደ ኮሎራቱራ ሶፕራኖ ሰማይ ጠቀስ ጌጥ አይጠበቅባትም፤ እንደ ድራማዊቷም ትልቅ ኦርኬስትራን ጥሳ መሰማት የለባትም። ስለዚህ ገረድ ያልሆኑትም፣ ለምሳሌ «ዶን ጆቫኒ» ውስጥ ያለችው የገጠር ልጅ ዜርሊናና «ፊዴሊዮ» ውስጥ ያለችው የወህኒ ጠባቂው ልጅ ማርሴሊን፣ ለእሷ ይመደባሉ። ዜማዋ ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው በድምፅዋ መካከለኛ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም የሚያስቅ ቃል ካልተሰማ አያስቅም። የሴት ድምፅ በሰከንድ 700 ንዝረት ወደሚጠጋው ከፍታ ሲወጣ አፍ ውስጥ «ኢ»ን ከ«አ» የሚለየው የታችኛው የድምፅ ክፍል ከሚዘፈነው ድምፅ በታች ስለሚቀር፣ አናባቢዎቹ መመሳሰል ይጀምራሉ። የምትናገር ገረድ እዚያ ረጅም ጊዜ ልትቆይ አትችልም። ምላሷ ያስፈራቸው ከነበሩት ጌቶች ዘመን የተረፈላት ድምፅ፣ ቃሉ የሚሰማበት ድምፅ ነው።

ይህ ግን ሚናው ቀላል ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያዋ ሱዛና፣ ለንደን የተወለደችው ናንሲ ስቶራቼ፣ በዚያ ጊዜ ገና ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ሞዛርት በመጨረሻው ገቢር የጻፈላት የአትክልት ስፍራው ዘፈን እንደ እረኛ ዜማ በዝግታ የሚወዛወዝ፣ ጌጥ ያልበዛበት፣ ዘፋኟን ከመተንፈሻዋና ከቃሏ በቀር ምንም የማይሸፍናት ነው። በ1789 ሥራው በቪየና እንደገና ሲቀርብ ሱዛናን የያዘችው አድሪያና ፌራሬሴ ከከባዱ ኦፔራ ወገን የሆነች ታላቅ ዘፋኝ ነበረች። ሞዛርት የአትክልት ስፍራውን ዘፈን አንሥቶ በቦታው ድምፅዋን የምታሳይበት ትልቅ ባለ ሁለት ክፍል አሪያ ጻፈላት፤ ለሁለተኛው ገቢርም አንዲት አጭር ዘፈን ጨመረላት። ስለዚህችኛዋ ለባለቤቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ፌራሬሴ በየዋህነት ልትዘፍናት ብትችል ኖሮ ትወደድ እንደ ነበር፣ ትችላለች ብሎ ግን በጣም እንደሚጠራጠር ገልጿል።